አታጥፉት የተባለው ላፕቶፕ

«ወንድምሽ ሞቶ አንቺ ጌም ትጠግኛለሽ? አንቺ ልጅ ከምንድን ነው የተሠራሽው?» አለችኝ አክስቴ ዘይነባ፣ በወንድሜ በነስሩ ክፍል በር ላይ ቆማ፣ ሳሎን የተቀመጡት ሴቶች ሁሉ እየሰሙ።

«አልሞተም፣ ሬሳውን ያየ ሰው ካለ ይምጣና ለኔ ይንገረኝ» አልኳት፣ ብሩሹን ከላፕቶፑ ፋን ላይ ሳላነሳ።

«ይሄን ምላስሽን አላህ ይያዘው!» ብላ በሩን ገጭ አድርጋ ሄደች።

እንግዲህ ይሄን የምነግራችሁ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ ከዚሁ እወቁት፣ እኔ የጂኒና የመንፈስ ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምወጣ ሰው ነኝ። ጂን የለም አልልም፣ ቁርአን ላይ ያለውን አልክድም፣ ግን ያን ሁሉ መንገድ ሆሳዕና ድረስ መጥቶ የትምህርት ቤታችን ሽንት ቤት ውስጥ የሚቀመጥበት ምክንያት አይታየኝም፣ ሴቶቹ ፈርተው በቡድን ሲሄዱ ቀድሜ ገብቼ ከውስጥ በሩን እየደበደብኩ የማስጮሃቸው እኔ ነበርኩ። አስረኛ ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር መናኸሪያው አጠገብ አንድ ኮምፒውተር ቤት ገባሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፍላሽ ላይ ዘፈን እጭናለሁ፣ ዊንዶውስ እጭናለሁ፣ እና እመኑኝ፣ ኮምፒውተር ላይ የሚሆን ነገር ሁሉ ምክንያት አለው፣ ወይ ሙቀት ነው፣ ወይ ቫይረስ ነው፣ ወይ የሰው ድድብና ነው።

ነስሩ ታላቄ ነው። አባታችን ከሞተ በኋላ የቤቱ ወንድ አጎታችን ሸምሱ ሆነ፣ ያኔ ቀበሌ ላይ የአንድ ለአምስት መሪ ነበር፣ በየስብሰባው ተነስቶ «ሕገ ወጥ ስደትን እንታገል» እያለ ያስጨበጭብ ነበር፣ ለነስሩ የደቡብ አፍሪካውን ደላላ ያገኘለትም እሱ ራሱ ነው። ነስሩ ሊወጣ ሲል ላፕቶፑ ላይ የሆነ ነገር እየተጫነ ነበርና ለእማዬ «እንዳታጠፉት፣ ይጨርስ» አላት፣ ይኸው ነው ያለው፣ በዚያው ዕለት ሳይመሽ የሚያልቅ ነገር ነበር። እማዬ ግን አታጥፉት ብሏል አለችና በቃ አይጠፋም ሆነ፣ ክዳኑን ዘግታ፣ ቻርጀሩን እንደሰካች፣ እንደ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አለበሰችው፣ እንዲህ እንዳለ ክረምት አልፎ ሌላ ክረምት መጣ።

ማንም አልነካውም፣ እኔ እስክነካው ድረስ። ነስሩ የሚጫወተው የኳስ ጌም አለ፣ በግራ ክንፍ የሚሮጠውን ተጫዋች ራሱ ነበር የፈጠረው፣ ስሙንም ነስሩ ብሎታል፣ ፀጉሩን ሳይቀር የራሱን አስመስሎ። ነስሩ መደወል አቁሞ ድምፁ ከጠፋ በኋላ ያንን ተጫዋች እያጫወትኩ ማምሸት ጀመርኩ፣ ሌላ ምን ላድርግ፣ ማልቀስ አላውቅበትም። ጌሙ ግን ይጎተታል። ሌላው ጌም ይበራል፣ ይሄኛው ኳስ ወደ ግራ ክንፍ በሄደች ቁጥር ስታክ ያደርጋል፣ የኮሜንታተሩ ድምፅ ባትሪው እንዳለቀ ቴፕ ይወፍራል። ለሱቃችን ባለቤት ለጋሽ ታምራት ነገርኩት።

«ሪስታርት አድርጊዋ!» አለኝ።

«አይቻልም፣ እናቴ ትገድለኛለች።»

«እናትሽን ላፕቶፕ ውስጥ ምን አስገባት?»

«እሷ ናት የምታስተዳድረው።»

«እንግዲያ እሷን አስጠግኛት» ብሎ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ግን የቴክኒሽያን ሁሉ የመጀመሪያ መድኃኒት ማጥፋትና ማብራት ነው፣ እኔ ያንን ተከልክዬ የቀረውን ሁሉ ሞከርኩ። ቫይረስ ፈለግሁ፣ ከጀርባ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች ዘጋሁ፣ ዳንቴሉን አንስቼ ከስሩ ሁለት ጣውላ አስገብቼ አየር ሰጠሁት፣ ግራፊክሱን፣ የምስሉን ጥራት ማለት ነው፣ እስከ መጨረሻው አወረድኩ፣ ሣሩ አረንጓዴ ምንጣፍ መሰለ፣ የተጫዋቾቹም ፊት ጠፋ፣ ዓይንም አፍንጫም የሌለው ቡናማ ነገር ብቻ። ያም ሆኖ ይጎተታል።

በዚህ መሃል ነው ወሬው የመጣው። አብሮት የሄደ የአዲሎ ከተማ ልጅ ከጆሃንስበርግ ለአጎቴ ደወለ፣ ሞዛምቢክ ውስጥ የነስሩ እግር አብጦ መራመድ አቃተው፣ መንገድ መሪዎቹ ጥለነው እንሂድ አሉ፣ ጥለነው ሄድን አለ። ስልኩን ከአጎቴ እጅ ነጥቄ «ሲሞት አይተሃል?» አልኩት።

«እዚያ የቀረ ሰው አይተርፍም እህቴ» አለኝ።

«አይተሃል ወይ ነው የምልህ!»

ስልኩ ተዘጋ። አጎቴም በዚያው «ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሶላተል ጋኢብ ይሰገድለታል» ብሎ ቆረጠ፣ ሬሳው ለሌለ ሰው የሚሰገድ የጀናዛ ሶላት ነው። ይህ ከተሰገደ ነስሩ ሞቷል ማለት ነው፣ ድንኳን ይጣላል፣ እማዬ ለቅሶ ትቀመጣለች፣ ከዚያ በኋላ እስር ቤት ይኑር ሆስፒታል ብሎ የሚደውል፣ የሚጠይቅ፣ የሚልክ ማንም አይኖርም፣ በቁሙ ቢመጣ እንኳ የሞተ ሰው ነው የሚመጣው። እማዬን «እንቢ በይ!» ብዬ ለመንኳት፣ ግድግዳውን እያየች «ሸምሱ ያውቃል» አለችኝ። ያን ጊዜ የሚከራከርልኝ ሰው እንደሌለ ገባኝ።

ዓርብ ደረሰ። አክስቴ በሩ ላይ ያንን ተናግራኝ ስትሄድ ወንዶቹ መስጊድ ገብተዋል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወቅጠዋል፣ እኔ የነስሩ አልጋ ላይ ቁጭ ብዬ ላፕቶፑን ሳላጠፋ ፋኑን አጽድቼ ጨረስኩ፣ የሚሽከረከር ፋን በብሩሽ የሚያጸዳ ጤነኛ ሰው የለም፣ አውቃለሁ። ጆይስቲኩን ይዤ ጨዋታ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ጥሩ ሄደ። ከዚያ ኳሷ ወደ ግራ ስትሄድ ያው መጎተቱ መጣ፣ ሃያ አንዱም ተጫዋቾች ማር ውስጥ እንደገባ ዝንብ ሆኑ፣ እግራቸው ተነስቶ እስኪወርድ ዝናቡን ትሰማላችሁ። እየተሳደብኩ ሳለ ልብ አልኩ። ሁሉም ይጎተታሉ፣ አንዱ አይጎተትም።

ነስሩ የሚል ስም ከእግሩ ስር ያለው ተጫዋች ኳሷን ትቶ በደህናው ፍጥነት ይራመዳል። አይሮጥም፣ ይራመዳል፣ አንድ እግሩን ይጎትታል። ጌም ላይ የተጎዳ ተጫዋች ያነክሳል፣ ይሄንንም አውቃለሁ፣ ግን ማንም አልነካውም። ጆይስቲኩን አልጋው ላይ ወረወርኩት፣ እሱ ይራመዳል። ፖዝ አደረግሁ፣ ሜኑው መጣ፣ ሰዓቱ ቆመ፣ ኳሷ አየር ላይ ቀረች፣ እሱ ከሜኑው ጀርባ ይራመዳል። የሚሠሩትን ፕሮግራሞች የሚያሳየውን ታስክ ማናጀር ከፈትኩ፣ ጌሙ ምላሽ አይሰጥም ይላል፣ ማለት ጌሙ ደርቋል፣ ውስጡ ምንም መንቀሳቀስ አይችልም። እሱ ግን ወደ ሜዳው መስመር እያነከሰ ነው።

ለራሴ ሙቀት ነው አልኩ፣ ወላሂ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፣ «ሙቀት ነው»። ያኔ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዝናብ አይደለም፣ የጆይስቲክ ቁልፍ ድምፅ ነው፣ ስንት ዓመት ጆሮዬ ስር ሲጫን የኖረ ድምፅ ነው፣ አልሳሳተውም። የኔ ጆይስቲክ አልጋው ላይ ተገልብጦ ተኝቷል። ድምፁ ከኮመዲኖው ነው። መሳቢያውን ሳብኩት፣ የነስሩ ጆይስቲክ በገመዱ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፣ የትም አልተሰካም፣ ድምፁም ቆመ። አነሳሁት። ሞቆ ነበር፣ አሁን ከሰው እጅ እንደተቀበላችሁት ዕቃ፣ መያዣውም በላብ ረጥቧል። ጣልኩት።

እማዬን የጠራኋት አይመስለኝም፣ ግን ዘወር ስል በሩ ላይ ቆማለች። ስክሪኑን ነው የምታየው። ስለ ኮምፒውተር አንድ ነገር አታውቅም፣ የቱ ጌም የቱ ፊልም እንደሆነ አትለይም፣ የተጻፈውንም አታነብም፣ ቀስ ብላ መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ሕፃን ሳለ በሃዲይኛ ትጠራው በነበረው ስም ጠራችው፣ እኔ እንኳ ረስቼው የነበረ ስም ነው።

እሱ መራመዱን አቆመ። ዞረ። ወደኛ ዞሮ ቆመ።

እማዬ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች፣ ትንፋሿ መስታወቱን እስኪያደበዝዘው ድረስ ተጠጋችና «ፊቱን የት አደረግሽው?» አለችኝ።

«አወረድኩት እማዬ፣ እንዳይጎተት ብዬ ግራፊክሱን አወረድኩት።»

«መልሺለት።»

«አይመለስም፣ ለመመለስ ጌሙ መዘጋት አለበት፣ ከደረቀ ደግሞ ላፕቶፑ ካልጠፋ አይዘጋም።»

«ታዲያ አታጥፊው፣ ግን መልሺለት» አለች፣ እንደ ቀላል ነገር፣ ከሳሎን ወንበር አምጪ እንደማለት።

ምን ብዬ ላስረዳት? እናንተስ ብትሆኑ? ያለ ፊት ቆሞ ይጠብቀናል፣ እማዬ በጣቷ ጫፍ ቡናማውን ነገር ትዳብሳለች፣ እኔ የማውቀውን ቁልፍ ሁሉ እነካለሁ፣ አንዱም አይታዘዝም። የሳሎኑ አምፖል ድንገት ጠፋ፣ ሴቶቹ «ውይ!» አሉ፣ መብራት ሄደ። ጌም ባትሪ እንዴት እንደሚጨርስ ታውቃላችሁ፣ ሻዩን አፍልታችሁ ሳትጨርሱ የስክሪኑ ጥግ ላይ ያለው ምልክት ቀላ። እማዬ ቀዩን አላወቀችውም፣ እኔ ግን አውቀዋለሁ።

ደጅ የወንዶች ድምፅ ተሰማ፣ ከመስጊድ ተመልሰዋል፣ የድንኳን ብረት መሬት ላይ ሲራገፍ ይንቋቋል። አክስቴ ዘይነባ ከሳሎን ረጅም ጩኸት አወጣች፣ ሌሎቹም ተቀበሏት።

ላፕቶፑን ከነክዳኑ ክፍት እንዳለ አነሳሁት፣ ክዳኑ ከተዘጋ ይተኛል ብዬ ፈራሁ። እማዬ ከራሷ ላይ ሻሿን ፈታ ስክሪኑን ከዝናብ ጋረደችልኝ፣ ፀጉሯ ይሄን ያህል መሸበቱን አላውቅም ነበር።

አጎቴ በሩ ላይ ያዘኝ፣ ጫማውን ጭቃ ውጦታል። «ወዴት ነው? ሶላቱ ተሰግዷል፣ ግቢና ከእናትሽ ጋር ተቀመጪ።»

«ልቀቀኝ፣ ሱቃችን ጄኔሬተር አለ፣ እዚያ ልሂድ።»

«ምን? ጄኔሬተር ለምንሽ? አብደሻል እንዴ አንቺ?»

«ልቀቀኝ አጎቴ፣ ሊጠፋ ነው።»

እጄን ከእጁ መንጭቄ፣ ላፕቶፑን ደረቴ ላይ አቅፌ፣ ብረት በተሸከሙት ሰዎች መሃል አልፌ በጭቃው ወደ መናኸሪያው መንገድ ሮጥኩ።