በሩ ላይ የቀረው «1»

«አባባ፣ ይነሱልኝ! ቀዩ ጨርቅ ላይ እኮ ነው የተቀመጡት።»

«የቱ ጨርቅ?» አሉ አዛውንቱ አልሲድ ሶፋው ላይ ይበልጥ እየተደላደሉ። «ነፋስ ወስዶት ይሆናላ።»

ነፋሱ ገና አልደረሰም። ማዕበሉ ነገ ኒው ኦርሊንስ እንደሚገባ ሬዲዮው ከጠዋት ጀምሮ ይለፈልፋል። መኪና ያለው ፍራሹንና ውሻውን ጭኖ እየወጣ ነው። የሌለው ከሰዓት በኋላ የሚመጣውን አውቶቡስ ይጠብቃል። ሰፈሩ ባወጣው እቅድ፣ መራመድ የማይችል ሰው ያለበት ቤት በሩ ላይ ቀይ ጨርቅ ያስራል፤ ጎረምሶች መጥተው ይሸከሙታል።

የአልሲድ እግሮች ካበጡ ሰነባብተዋል። ከአልጋ ወደ ሶፋ የምትደግፋቸው የአሥራ አራት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ዴዝሬ ናት፤ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። በማውካካት ደግሞ ሁለቱን የሚያህል የለም። አልሲድ ከዓመታት በፊት በደረሰው በትልቁ ጎርፍ ጊዜ ማቀዝቀዣቸውን እንደ ጀልባ ቀዝፈው፣ አንድ አዞ ከኋላ እየገፋላቸው ከሰፈር እንደወጡ ያወራሉ። አዞው ስም ሁሉ አለው።

«ስሚ፣ ኦዴት ቤት ለቤት ልትጠይቅ ስትመጣ ‹አጎቴ ከባተን ሩዥ መጥቶ ይወስደናል› በያት። አንቺ ስትዋሺ ቄሱም ያምናል።»

«አጎቴ እኮ ስልክ እንኳ አያነሳም!»

«እሷ ምን ታውቃለች? እኔ እንደ ሩዝ ጆንያ ጎረምሳ ጀርባ ላይ አልወጣም!»

ዴዝሬ ወደ በረንዳው ወጣች። በሩ ላይ ትልቅ የኤክስ ምልክት አለ፤ ከጎርፉ በኋላ ቤት ለቤት የፈተሹ ወታደሮች በቀለም የረጩት ነው። ጎረቤቱ ሁሉ የየራሱን ቀብቶ አጥፍቶታል። አልሲድ ግን ብሩሽ አያስጠጉም። ከኤክሱ በታች «1» የሚል ቁጥር አለ። «በቆንጆ ቤት ውድድር አንደኛ ወጥተን ነው» ይሏት ነበር። አምና እቅዱ ሲወጣ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ተነስታ ይህንኑ አወራች። አንድም ሰው አልሳቀም። እዚያ ቦታ ላይ የሚጻፈው ቤቱ ውስጥ የተገኘው ሬሳ ብዛት መሆኑን በኋላ አንድ የክፍሏ ልጅ ነገራት። ያ «1» ሴት አያቷ ነበሩ።

በእቅዱ የመንገዱ ተጠሪ የሆኑት ሚስ ኦዴት እያለከለኩ መጡ።

«ዴዚ፣ አልሲድ በእግሩ ይወጣል ወይስ እንሸከመው?»

«አጎቴ ከባተን ሩዥ መጥቶ ይወስደናል» አለች፣ ዓይኗን እንኳ ሳታርገበግብ። «አዲስ መኪና ገዝቷል። ወንበሩ ራሱ ጀርባ ያሻል አሉ።»

ሚስ ኦዴት ፈገግ አላሉም።

«በጎርፉም ጊዜ አያትሽ እንዲህ ነው ያለኝ» አሉ ቀስ ብለው። «መኪናችን ላይ የሁለት ሰው ቦታ ነበረን። እዚችው በረንዳ ላይ ቆሜ ለመንኩት። ‹ወንድሜ ይወስደናል፣ ሂዱ› አለኝ። ወንድም የሚባል አልነበረውም።» በሩን ላለማየት ፊታቸውን አዞሩ። «እሺ እንግዲህ። አጎትሽ ቶሎ ይምጣ።»

ወደሚቀጥለው ቤት አለፉ።

ውስጥ አልሲድ በሳቅ ይንፈቀፈቃሉ። «ጀርባ ያሻል? አይ አንቺ! እኔን በለጥሽኝ!»

«አባባ፣ አዞው ሲገፋዎት አያቴ የት ነበሩ?»

ሳቃቸው ቆመ።

«ውሃው ሲከተለን ከኮርኒሱ በላይ ወጥተን» አሉ ወደ ላይ እያዩ። «ጣሪያውን በእጄ ልሰብረው ስል… መጥረቢያ እንኳ…»

አልጨረሱትም። ማዳመቂያ ሳይጨምሩ ያወሩት ወሬ ይህ ብቻ ነበር።

ዴዝሬ ተንበርክካ እጇን ከሥራቸው አስገባችና የጨርቁን ጫፍ ያዘች። አልሲድ ክብደታቸውን ሊጥሉበት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን በክንዳቸው ተደግፈው ትንሽ ከፍ አሉላት።

ወደ በረንዳው ወጥታ ሚስማር ስትፈልግ፣ ከውስጥ ድምፃቸውን ሰማች።

«ዴዚ… ከፍ አድርገሽ እሰሪው። ቁጥሩን እንዳይሸፍነው።»