የባዶው ቦይለር ኳኳታ

እኔ በእንዲህ ዓይነት ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ እናቴ ስለ ሙት መንፈስ ስታወራ እየሳቅኩ ያደግኩ ነኝ፣ ሙያዬም የሚለካና የሚሰላ ነገር ነው፣ ስለዚህ ወዳጄ፣ የምጽፍልህን ስታነብ «ይሄ ሰውዬ ጠጥቶ ነበር» እንዳትል፣ ጊዜው ጠዋት ነበር፣ ሆዴ ውስጥም ከሻይ በቀር ምንም አልነበረም።

የምሠራው መቱ፣ ጣውላ በእንፋሎት የሚያደርቅ አንድ ድርጅት ውስጥ ነበር። ከእንፋሎት ማፍያው፣ ከቦይለሩ ጎን አጭር የብረት አንገት አለ፣ ረጅሙ የእንፋሎት ቧንቧ የሚነሳው ከእሱ ነው። አንገቱን የበየዱት ጋሼ ፈይሳ ናቸው፣ የሁሩሙ ሰው፣ የብረትን ጠባይ ያስተማሩኝም እሳቸው። እሳት ከመለኮሱ በፊት አንገቱን በመዶሻቸው ሦስቴ መታ መታ ያደርጉና ጆሯቸውን ለጥፈው ዝም ብለው ያዳምጣሉ። ጤነኛ ብረት ድምፁ ይጠራል፣ የተሰነጠቀው ይታፈናል ይሉኝ ነበር። ስሌቴ ላይ ስህተት ሲያገኙ ደግሞ አይነግሩኝም፣ «ኢልማ ኮ»፣ ልጄ፣ ብለው ብቻ ይጠሩኝና ራሴ እስካገኘው ይጠብቃሉ።

ታዲያ ሥራ አስኪያጁ አቶ ደረጄ መኪናውን አላሳልፍ አለኝ ብሎ የቧንቧውን ድጋፍ አስነቀለው፣ ክብደቱ ሁሉ አንገቱ ላይ ወደቀ። ጋሼ ፈይሳ ለመኑት፣ «ጌታው፣ ብረትም እኮ ይደክማል! ጠዋት ይለጠጣል፣ ማታ ይሰበሰባል፣ በዚያ ላይ ይሄን ሁሉ ተሸክሞ አይዘልቅም» አሉት። እኔን አስላ አለኝ፣ እኔም የእንፋሎቱን ግፊት ብቻ አስልቼ ይችላል አልኩ፣ የቧንቧውን ጭነት ረሳሁት።

ብዙም አልቆየ፣ አንገቱ ተቀደደ፣ እንፋሎቱ ያገኘውም ጋሼ ፈይሳን ነው። ሦስት ቀን ተሰቃይተው አረፉ። አቶ ደረጄ «ጥፋቱ የበያጁ ነው» የሚል ወረቀት ጽፎ አስፈረመን። እኔም እንጀራዬን ፈርቼ ፈረምኩ። ባለቤታቸው እትዬ ጫልቱ «ባሏን የገዛ ብየዳው ገደለው» እየተባሉ ገበያ መውጣት ተዉ።

ከዚያ ወዲያ አቶ ደረጄን ሳየው ጥርሴን እነክሳለሁ። አንገቱን በሌላ በያጅ አስጠገነው፣ ድጋፉን ግን አላስመለሰም። ደብቄ አሰላሁት፣ አሁን የቧንቧውንም ጭነት ጨምሬ፣ አይችልም! አዲሱ ብየዳ አጠገብ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅም አየሁ። ዝም አልኩ። ሰውዬው ቦይለሩ ሥራ ሲጀምር የእንፋሎቱን መክፈቻ ሰው እያየው በገዛ እጁ ማዞር ይወዳል፣ መክፈቻው ደግሞ አንገቱ ሥር ነው። እዚያው ይቁም፣ ያው እንፋሎት ያግኘው ብዬ ተመኘሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

በዚያ ጠዋት አቶ ደረጄ ቦይለሩ ደህና ነው የሚል የምርመራ ወረቀት ሊያስፈርመኝ ይዞ መጣ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል፣ ሠራተኞቹ በር ላይ ካለው የጥበቃ ቤት ተጠልለዋል፣ ቦይለሩ እሳትም ውኃም የለውም።

«ፈርም እንጂ፣ ምን ትንቀረፈፋለህ?» አለኝ።

እስክሪብቶውን ስቀበለው፦ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ከዚያ ዝም።

«ኤኙ ዳ? ማነው?»

«ማንም የለም አቶ ደረጄ፣ ባዶ ነው» አልኩት።

እንደገና ሦስቴ፣ እንደገና ዝም፣ ዝምታው ልክ ጋሼ ፈይሳ የሚያዳምጡትን ያህል ነበር። እጄን አንገቱ ላይ ባሳርፍ፣ እመነኝ፣ ይሞቃል። ትኩስ ብየዳም ይሸታል። አቶ ደረጄ ምን እንደገፋው አላውቅም፣ ሄዶ ጆሮውን ለጠፈ። የሰማውን እስከ ዛሬ አልነገረኝም፣ ፊቱ ብቻ አመድ መሰለ። ወረቀቱን ከእጄ ነጥቆ ጀርባው ላይ «ድጋፉን ያስነቀልኩት እኔ ነኝ፣ ፈይሳ ከልክሎኝ ነበር» ብሎ ጻፈ፣ ፈረመ፣ ወረቀቱን ትቶልኝ ጃንጥላውን እንኳ ሳይዝ ዝናቡ ውስጥ ገባ። በሳምንቱ መቱን ለቀቀ፣ ቦይለሩም ዳግመኛ አልተለኮሰም።

ደስ አለኝ፣ አልዋሽህም፣ ብቻዬን ቆሜ ሳቅኩ። «እሰይ ጋሼ፣ ተበቀሉት!» አልኩ።

ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

አሁን ማንን ይፈልጋሉ ብዬ ጆሮዬን ለጠፍኩ።

«ኢልማ ኮ» አሉኝ።

ያ ወረቀት አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ለእትዬ ጫልቱ ብወስደው የባላቸው ስም ከሐሜት ይጠራል፣ ግን «አንተስ ታዲያ ለምን ፈረምክ?» ይሉኛል። እሳቸው ያሉበት ሁሩሙ በሚኒባስ ቅርብ ነው፣ ስንቴ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። ትናንት ከሰዓት ቤቴ ተቀምጬ፣ ውኃ ከጠፋ አራት ቀን ሆኖታል፣ ግድግዳው ውስጥ ያለው ባዶ ቧንቧ ሦስቴ ተመታ። ከዚያ ዝም አለ። ይህን ስጽፍልህም ዝም እንዳለ ነው፣ እየጠበቁኝ ነው።