በመስኮቱ በኩል ያለው ጫፍ

የመብራት ሠራተኛው ከምሰሶው ሥር አንሶላ ለብሶ ተጋድሟል። አጠገቡ መሰላሉ ወድቋል፤ አንዱ ቋሚው ከጫፉ ክንድ ያህል ዝቅ ብሎ ተሰብሯል። መርማሪዋ አንሶላውን ገልጣ ፊቱን አየች። ገና ልጅ እግር ነው። ከዚያ ተንበርክካ ስብራቱን ታጤን ጀመር። ረጃጅም ነጭ ክሮች እንደ ሽበት ተንጨባረው ወጥተዋል። አንዱን ብትስበው ሳይታገላት ሙልጭ ብሎ ተመዘዘ።

መሰላሉ የተሠራው በሟቹ አማት ዎርክሾፕ ነው። ሽማግሌው የመሰላሉን ቅርጽ በሚያወጣው ፎርማ ላይ የመስታወት ክር ይደረድራሉ፣ ልጃቸው፣ ማለትም የሟቹ ሚስት፣ ክሩን የሚያያይዘውን ሙጫ ትቀምማለች፣ አንድ ሠራተኛ ደግሞ በመጋዝ ይቆርጣል። ሰፈሩ በቆራጩ ላይ ከወዲሁ ፈርዶበታል።

«‹ተፈጥፍጠህ አይሃለሁ› ብለኸዋል ይባላል» አለችው መርማሪዋ ቆራጩን።

«ብያለሁ። ያኔ ምላሴን ቢቆርጠው ምን ነበረበት። ንዴት ነው እንጂ ወንድሜ ነበር። መጋዜን ይውሰዱና ይመርምሩት።»

ሽማግሌው ከመናገራቸው በፊት ረጅም ሳል ሳሉ። «የሙጫው ሽታ ነው፤ ደረቴን ጨረሰው። ለልጄ ባል ብዬ ክሩን ከሌላው እጥፍ አድርጌ ደርድሬ ነበር እኮ።» ልጃቸው ኮታቸውን አለበሰቻቸው፤ ሁለቱም እጆቻቸው ከትከሻ በላይ አይነሱም።

«ሙጫውን የሚያደርቀውን ማጠንከሪያ ስንት ጨመርሽ?» አለቻት መርማሪዋ።

«እንደ ወትሮው፣ በሚዛን። ሚዛኑን ራሱ ባሌ ነው የሰጠኝ» አለችና እንባዋ ቀደማት።

በቆርቆሮው የተረፈው ሙጫ ድንጋይ ሆኗል። ቅመማው እንከን የለውም። መርማሪዋ ረጅሙን ፎርማ ተከትላ ሄደች፤ አንዱ ጫፍ ማሞቂያው አጠገብ ነው፣ ሌላው ከመስኮቱ ሥር። የመስኮቱ መቀርቀሪያ ከራሷ በላይ ነው። ቆማ አሰበች። ሽማግሌው አይደርሱበትም፤ የቆራጩም ሥራ የሚጀምረው ሙጫው ከደረቀ በኋላ ነው። ዝም ካለች ቆራጩ በሰው ነፍስ ይጠየቃል፤ ከተናገረች ደግሞ የሟቹን ሚስት በቁሟ ትገድላታለች።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ሰበሰበቻቸው።

«በመጋዝ ቢነካ ኖሮ የክሮቹ ጫፍ እኩል ይሆን ነበር። እዚህ ግን ክሩ አልተቆረጠም፤ ሙሉ ሙሉውን ተመዞ ነው የወጣው።»

«ታዲያ ምን ሰበረው?» አለ ቆራጩ።

«ሙጫው ነው የከዳው። ሸክሙን ከአንዱ ክር ተቀብሎ ለሌላው የሚያቀብለው ሙጫው ነው። እሱ ካልጠነከረ ክሩ እጥፍ ቢሆንም እያንዳንዱ ለብቻው ይቀራል። መሰላሉ ሲሠራ በማሞቂያው በኩል የነበረውን ጫፍ በጥፍሬ ሞከርኩት፤ ንቅንቅ አይልም። የተሰበረው፣ በመስኮቱ በኩል የነበረው ጫፍ ግን ቀለሙን አልፎ ጥፍር ይሰምጥበታል። ሙጫው ውስጡ ሳይበስል ብርድ አግኝቶታል። መሰላሉ በተሠራበት ዕለት መስኮቱ…»

«እኔ ነኝ የከፈትኩት» አሉ ሽማግሌው፣ ሳያስጨርሷት።

«አባባ፣ ኮትዎን እንኳ ብቻዎን አይለብሱም፤ መቀርቀሪያው ጋ እንዴት ደረሱ?» አለች መርማሪዋ።

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ቆራጩም ወደ ግድግዳው ዞረ።

«አባቴን እዚሁ ሲተኛም ሳሉ አልለቀው አለ» አለች ልጅቱ ቀስ ብላ። «ሊሞትብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ሙጫውን ላዩን ነካሁት፣ ደርቆ ነበር። የደረቀ መስሎኝ ነው የከፈትኩት።» የተናገረችው ለራሷ የገባት ያኔ ነው። «እኔ ነኛ የገደልኩት።»

ሽማግሌው እየተንፏቀቁ አጠገቧ ደረሱ።

«ስሚኝ ልጄ፣ ስነቃ መስኮቱ ክፍት ነበር፤ አይቼዋለሁ። አርባ ዓመት የሠራሁ ሰው፣ መዘጋት እንዳለበት አላውቅም? ነፋሱ ደስ አለኝና ተውኩት። ዝጊው ብልሽ ኖሮ ትዘጊው ነበር።»

መርማሪዋ ዓይናቸውን አየች። እውነት ይሁን ውሸት መለየት አቃታት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሦስት ጥያቄ ጨምራ ታጣራው ነበር። አሁን ግን እርሳሷን አነሳችና እንደተናገሩት አድርጋ ጻፈችው።

ልጅቱ የአባቷን የማይነሳ እጅ ይዛ ስታለቅስ፣ ሽማግሌው ሳላቸውን አፍነው አጠገቧ ተቀመጡ።