ከማንኪራ የመጣችው ሚሞሪ

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እወቁልኝ፣ እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ የማምን ሰው አልነበርኩም፣ ሰው ሲያወራም ሳቄን መቆጣጠር ነበር የሚያቅተኝ፣ ምክንያቱም ገና የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ የአጎቴን ራዲዮ ፈታትቼ ውስጡ ሽቦና አቧራ ብቻ መሆኑን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ከዚያም ወዲህ እንጀራዬ ዕቃ መፍታትና መግጠም ነው፣ ዕቃ ደግሞ ወይ ይሠራል ወይ አይሠራም፣ ሦስተኛ የለውም። እንዲህ ነበር የምለው። ዛሬ ግን አፌን ሞልቼ አልናገረውም።

ሞባይል ቦንጋ ገብቶ ከተማው በሙሉ ያበደበት ጊዜ ነው፣ ሚሊኒየሙን ካከበርን ሁለት ሦስት ዓመት ቢሆነን ነው። ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅቼ ያገኘኋት አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ነበረችኝ፣ ሞባይል እጠግናለሁ፣ ባትሪ ቻርጅ አደርጋለሁ፣ ከሁሉ በላይ ግን ሚሞሪ ላይ ዘፈን እጭናለሁ። ያን ጊዜ የቻይና ስልክ ነበር የሰው ሁሉ ፍቅር፣ ባለሁለት ሲም፣ አንቴናው ተመዞ ቴሌቪዥን የሚያሳይ (ጭረት ብቻ ቢያሳይም)፣ ድምፁ ቦንጋ ሲከፈት ሺሺንዳ ከተማ ድረስ ይሰማል እየተባለ የሚቀለድበት። እኔም ከሁሉ የባስኩ ነበርኩ፣ አዲስ ነገር መጣ ከተባለ ጅማ ድረስ ሄጄ ሳላየው አላድርም፣ ኢንተርኔት ካፌ ተቀምጬ አንዲት ዘፈን ለማውረድ ግማሽ ቀን እጠብቃለሁ፣ ሲሳካልኝ ደስታዬ ልክ የለውም።

ለአባቴም አንዱን ስልክ ወሰድኩለት። አባቴ ማንኪራ ጫካ ውስጥ ቀፎ የሚሰቅል፣ ንብ የሚያረባ ሰው ነበር፣ ማንኪራ ደግሞ ያኔ ኔትወርክ ስላልነበረ ስልኩ ለመደዋወል አይሆነውም፣ እኔም ዘፈን ይሰማበታል ብዬ ነው። እሱ ግን የልጅ ልጅ ያገኘ ያህል ተደሰተበት። ድምፅ መቅጃውን ያሳየሁት ቀን፣ እመኑኝ፣ አመሻሹን ሙሉ ከቤት አልገባም፣ የንቦቹን ድምፅ ቀዳ፣ ዝናቡን ቀዳ፣ የጎረቤቱን ሳል ቀድቶ ለራሱ ለጎረቤቱ መልሶ አሰማውና ሰውየው ደንግጦ ተነሣ፣ አባቴ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ከዚያ የራሳችን ፖስታ ቤት ተፈጠረ። አባቴ መጻፍ አይችልም፣ ስለዚህ የሚለውን ሁሉ ሚሞሪው ላይ ይቀዳና ከባትሪው ጋር በወረቀት ጠቅልሎ ቅዳሜ ወደ ገበያ በሚወርድ ሰው ይልክልኛል፣ እኔ እሰማዋለሁ፣ ባትሪውን እሞላለሁ፣ አዲስ ዘፈን እጭንለታለሁ፣ መጨረሻ ላይ የራሴን መልስ ቀድቼ ማምሻውን በዚያው ሰው እመልስለታለሁ። ሁልጊዜ ሲጀምር ስልኩን ሁለቴ «እፍፍ፣ እፍፍ» ይልበታል፣ እንደ ከሰል፣ ከዚያ ነው «ታደሰ፣ ልጄ» የሚለው። ስለ ማሩ ያወራል፣ ስለ እናቴ ጉልበት ያወራል፣ አንዳንዴ የሚለው ሲያልቅበት ዝም ብሎ ጫካውን ያሰማኛል። በካፊኖኖ ነበር የምናወራው፣ እዚህ በአማርኛ የምነግራችሁ እንዲገባችሁ ብዬ ነው።

አሁን ወደዚያች ቅዳሜ ልምጣ፣ መምጣት ባልፈልግም። ቡና የተሸጠበት ሰሞን ስለነበር ሱቄ በር ላይ መቆሚያ ጠፍቶ ነበር። ኮረሪማ ሸጠው የሚመለሱት የማንኪራ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ሰውን በክርናቸው ገፋ ገፋ አድርገው ገቡና የተጠቀለለችውን ወረቀት ሰጡኝ።

«አባትህ ዛሬውኑ ይስማው ብሎሃል፣» አሉኝ።

«እሺ እትዬ፣ እሰማዋለሁ፣ ማምሻውን ይምጡ።»

እንደኔ ያለ ሱቅ የሠራ ሰው ያውቀዋል፣ ሥራ ሲበዛ ሚሞሪዎቹን ጠረጴዛ ላይ ትደረድራለህ፣ መጀመሪያ ፎርማት ታደርጋለህ፣ ማለትም የነበረውን ሁሉ ትጠርጋለህ፣ ከዚያ ዘፈኑን ትጭናለህ፣ እጅህ እንጂ ጭንቅላትህ አይሠራውም። የአባቴንም ከሌሎቹ ጋር ደርድሬ ጠረግኳት። የገባኝ እትዬ ዘነበች ተመልሰው መጥተው ሲጠይቁኝ ነው።

«ሰማኸው?»

«ኧረ እትዬ፣ ሳልሰማው ጫንኩበት። ለሳምንት እንደገና ይላክልኝ በሉልኝ፣ ዛሬ ጊዜ የለኝም።»

ይህን ስል ከሌላ ደንበኛ ጋር እየሳቅኩ ነበር። መልስም አልቀዳሁለትም።

ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ አባቴ ሞተ። ሁለት ሳምንት ደረቱን ሲያመው ነበር አሉ፣ ለማንም እንዳይነገርበት ብሎ። ከቀብሩ በኋላ እናቴን ለዚያ ቅዳሜ ምን ቀድቶልኝ እንደነበር ጠየቅኳት፣ እሷም አታውቅም።

«ጓሮ ወጥቶ ብዙ አወራ፣ ይጀምራል፣ ያቆማል፣ እንደገና ይጀምራል፣» አለችኝ። «ለኔም አሰማኝ ብዬ ስለምነው ‹የልጄ ነው› አለኝ። ደግሞ ሚሞሪዋ ስትመለስለት መልስ አለው እያለ ዘፈኑን ሁሉ አንድ በአንድ አዳመጠው፣ እስከ መጨረሻው ድረስ። ምን ብለህ መለስክለት?»

ወጥቼ ጓሮ ቡናው ሥር ተቀመጥኩ፣ እንደ ልጅ አለቀስኩ። ለአባቴ ሞት ብቻ አልነበረም፣ የመጨረሻ ቃሉ እጄ ላይ ገብቶ፣ በገዛ ጣቴ፣ ለዘፈን ቦታ ብዬ ስላጠፋሁት ነው።

የአባቴን ሚሞሪ ይዤ ቦንጋ ተመልሼ ሱቄን ከከፈትኩ በኋላ ነው ትንንሹ ነገር የጀመረው። በአንዱ ዘፈንና በሌላው መሃል ስፒከሩ «እፍፍ» ይላል፣ አንዴ፣ ሁለቴ። ሽቦው ነው ብዬ ቀየርኩት፣ ስፒከሩንም ቀየርኩት፣ አሁንም «እፍፍ»። የካርድ ማንበቢያዋ መብራት ምንም ሳይገባባት ትበራለች፣ ትጠፋለች። የሐዘን ጆሮ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናሁ፣ አንድ ቀን ግን መምህር ካሳ መጣ፣ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የፊዚክስ መምህር ነው፣ ዕቃ ወዳድነቱ ነው ያወዳጀን።

«ታዴ፣ የጫንክልኝ ዘፈን ሁሉ ሲጀምር ሰው እፍ ይልበታል እኮ፣ ምንድን ነው ነገሩ?» አለኝ።

ያኔ ሁሉንም ነገርኩት። እሱ ሳይንስ ነውና የሚያወራው፣ የ«እፍፍ»ን ነገር ትቶ ሚሞሪዋን ያዘ። ፎርማት ማድረግ የቤቱን ታርጋ መንቀል ነው እንጂ ቤቱን ማፍረስ አይደለም፣ የጠፋ ፋይል ፈልጎ የሚያወጣ ነጻ ፕሮግራም ኢንተርኔት ላይ አይቻለሁ አለኝ። ተስፋ እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ያን ሳምንት ነው የገባኝ፣ ፕሮግራሙን ለማውረድ ሦስት ቀን ፈጀብን፣ ዘጠና በመቶ ላይ ሲደርስ ይቆረጣል፣ እንደገና ከዜሮ፣ እኔ ግን ካፌው ወንበር ላይ ሆኜ የማላውቀው ጸሎት ሁሉ ይመጣብኝ ነበር።

ሐሙስ ቀን ነው፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ ደንበኛ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ፕሮግራሙ የሚሞሪዋን ሆድ እየቆፈረ የዘፈን ቁርጥራጭ ብቻ ያወጣል፣ ከብዙ ቆይታ በኋላ መጨረሻው ላይ ስም የሌለው አንድ የድምፅ ፋይል ብቅ አለ፣ ሰባት ደቂቃ። ወንበሬን አስጠግቼ ከፈትኩት።

«እፍፍ፣ እፍፍ።»

አቤት! ከወንበሬ ተነሣሁ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ። አባቴ ነው፣ ትንፋሹ ነው። ከዚያ የጓሮውን ወፍ፣ የንቡን ድምፅ ስጠብቅ የሰማሁት ሌላ ነው፣ የሰው ጫጫታ፣ የመኪና ጥሩንባ፣ የመናኸሪያው ረዳት «ሺሺንዳ! ሺሺንዳ!» እያለ ሲጣራ፣ ከዚያ ቅርብ ሆኖ የእትዬ ዘነበች ድምፅ፣ «ሰማኸው?» ሲሉ፣ ቀጥሎ ደግሞ የኔው ድምፅ፣ ሳቄ ሳይቀር፣ «ለሳምንት እንደገና ይላክልኝ በሉልኝ፣ ዛሬ ጊዜ የለኝም።»

ልብ በሉ፣ ያን ሰዓት ሚሞሪዋ ተጠርጋ፣ ዘፈን ተጭኖባት፣ ያለ ስልክ በወረቀት ተጠቅልላ እጄ ላይ ነበረች። ስልኩ ማንኪራ ነው፣ አባቴም ማንኪራ አልጋ ላይ። ብቻዋን የምትቀዳ ሚሞሪ ደግሞ ቻይናም አልሠራችም። ድምፁ ግን ከሱቄ ውስጥ፣ ከጠረጴዛዬ ወዲያ ማዶ፣ ደንበኛ ከሚቆምበት ቦታ ነው የተቀዳው።

እዚያው ቦታ ላይ አባቴ ሲያስል ሰማሁት። ደክሞታል። ቀስ ብሎም ለማላውቀው ሰው፣ አጠገቡ ለቆመ ሰው፣ እንዲህ አለ፦

«ተወው፣ ሥራ ይዟል። ትንሽ እንጠብቀው።»

መብራት ጠፋ፣ ኮምፒውተሩም አብሮ ጠፋ።

ቀና ብዬ ደንበኛ የሚቆምበትን ቦታ አየሁት። ማንም የለም፣ ዝናቡ ወደ ውስጥ ይረጫል። «አባዬ» አልኩ፣ አይገባኝም ለምን እንዳልኩ። ከዚያ በሩን ሳልዘጋ ሮጥኩ።

በማግስቱ ጠዋት መብራቱ መጣ፣ ፋይሉም አለ፣ ሰባት ደቂቃው እንዳለ ነው፣ እኔ የሰማሁት ሦስቱን ቢሆን ነው። እጄ ግን እምቢ አለኝ። መምህር ካሳን ለመንኩት፣ መጀመሪያ አንተ ስማልኝ አልኩት፣ ኢርፎኑን ጆሮው ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ፊቱን እያየሁ ቆምኩ። መሃል ላይ አንገቱን ደፋ፣ እስከሚያልቅ ቀና አላለም።

«አንድ አባት ያወራሉ፣ ቋንቋውን ስለማልችል ምን እንደሚሉ አላወቅኩም፣» አለኝ ሲጨርስ። «ስምህን ብቻ ነው የለየሁት፣ አራት አምስት ጊዜ ይጠሩሃል።»

ኢርፎኑን ቀማሁት። ከመጀመሪያው ጀመርኩት፣ ዝናብ ነው። ወደ መሃል ወሰድኩት፣ ዝናብ። እስከ መጨረሻው ሰባቱንም ደቂቃ ሰማሁት፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ እንጂ የሰው ትንፋሽ የለበትም። ካሳም መልሶ ሰማው፣ ፊቱ አመድ መሰለ፣ ቅድም የሰማሁት የሰው ድምፅ ነው ብሎ በእናቱ ስም ማለ። ስፒከሩም ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ቀን እፍ ብሎ አያውቅም፣ እኔ ደግሞ አሁን እንዲል ነው የምፈልገው።

እስኪ አስቡት፣ ካፊኖኖ ከአፉ የማይለይ ሰው በሞላበት ከተማ የአባቴን ቃል የሰማው አንድ ከጎጃም የመጣ ሰው ብቻ ነው። በየጊዜው አስቸገርኩት፣ የምታስታውሰውን ድምፅ እንዲሁ በልልኝ እለዋለሁ፣ ይሞክራል፣ ምንም አይወጣለትም። እናቴም ምን ብሎህ ነበር እያለች መጠየቋን አልተወችም፣ «ሰላም ነው ያለኝ» እላታለሁ፣ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

ካሳ በዓመቱ ወደ አገሩ ተዛወረ። መናኸሪያ ልሸኘው ሄጄ፣ ሻንጣው ተጭኖ፣ መኪናው ሊነሣ ሲል አንድ ያልጠየቅኩት ነገር እንዳለ ትዝ አለኝ።

«ካሳ፣ ቃሉን ተወው፣ ድምፁን ንገረኝ። ተቆጥቶኝ ነበር?»

በመስኮቱ እጁን አውጥቶ ትከሻዬን ያዘኝ።

«አልተቆጡም፣» አለኝ። «ያን ቀን ልነግርህ አልቻልኩም ታዴ፣ እየለመኑህ ነበር።»

መኪናው ሄደ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።