አዳም አለ

ፈጠርከው የምትሉኝ አትጠፉም። እናንተ ምሥራቅን አታውቋትም። ዛሬም ስሟ ሲጠራ ቶሎ አቤት አትልም።

ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ነው። ቦታው ከላሊበላ ወደ ኩልመስክ በሚወስደው መንገድ፣ አንድ ገደል አናት ላይ።

አራት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለቡድን ሥራ ከመምህራቸው ጋር ምንጭ ሊለኩ ወጥተዋል። ምሥራቅ መሪያቸው ናት። ኪዳንና ሐናን የታዘዙትን ይሠራሉ።

አዳም ግን... የአዳም ድርሻ ሁልጊዜ የሌሎቹ ጫንቃ ላይ ነው። ከክፍል ሲቀር እንኳ ኪዳን ድምፁን ጎርነን አድርጎ "አቤት" ይልለታል። አንድ ሰው ከጎደለ መምህር ታፈረ የሁሉንም ማርክ ይቀንሳሉ። ስለዚህ ተሸፋፍነው ኖሩ።

የዚያን ቀን ምሥራቅ መረራት።

"የታችኛውን ምንጭ አንተ ትለካለህ። ብቻህን።"

"ኧረ በእመቤቴ ምሥራቅዬ፣ ገደል ነው እኮ..."

"ሂድ አልኩህ።"

ሄደ።

ትንሽ ቆይቶ ጉም ከሥር ተነሣ። ጉም ለላስታ ብርቅ አይደለም። ይኼኛው ግን ወፉንም ንፋሱንም ዝም አሰኘ።

መምህር ታፈረ መኪናው አጠገብ ቆመው ስም ጠሩ። ሰው ከሰው አይተያይም።

"ምሥራቅ?"

"አቤት።"

ኪዳንም ሐናንም አቤት አሉ።

"አዳም?"

...

"አቤት።"

ኪዳን ነው ብላ ምሥራቅ ዝም አለች። እንደ ልማዳቸው። እስክንሳፈር ይደርሳል አለች በልቧ።

መኪናው ውስጥ የአዳም ቦታ ባዶ ነው።

"ኪዳን... አቤት ያልክለት አንተ አይደለህም?" አለች በሹክሹክታ።

"እኔ? አፌንም አልከፈትኩ።"

"አዑዙ ቢላህ..." አለች ሐናን።

ምሥራቅ የመኪናውን በር ከፈተች። የላከችው እሷ ናት። አንድ ነገር ቢሆን እናቱን በምን ዓይኗ ታያለች? ማርኩ ገደል ይግባ ብላ ለመምህሩ እውነቱን ተናገረች። ሁሉም ተያይዘው ወረዱ።

አዳምን ምንጩ አጠገብ አገኙት። ሜትሩን ታቅፎ ተቀምጧል።

"ለምን አልመጣህም?" አለችው ምሥራቅ።

"ስጠራሽ... 'እዚያው ጠብቀኝ፣ መጣሁ' አልሽኝ እኮ።"

"እኔ? መቼ?"

"ደጋግመሽ ነዋ። ከዚያ ሆነሽ።"

የጠቆመው ከምንጩ በታች ነው። ከዚያ በታች እግር የሚያርፍበት መሬት የለም።

እጅ ለእጅ ተያይዘው ወጡ። አዳም መሐል፣ ምሥራቅ መጨረሻ።

መኪናው ጋ ሲደርሱ መምህር ታፈረ ፊት ለፊታቸው አቆሟቸው። አፍ አፋቸውን እያዩ እንደገና ስም ጠሩ። አዳም አለ። ኪዳን አለ። ሐናን አለች። ምሥራቅ እፎይ አለች።

"ምሥራቅ?"

አፏን ልትከፍት ስትል...

ከገደሉ ሥር፣ በራሷ ድምፅ፣ ረጋ ብሎ...

"አቤት።"