ከሻምበሉ ደረት የወጣች ጥይት

« ትኩሳቱ ወረደ? »

« ላቡ አልደረቀም። »

የይለፍ ቃሉ ይኸው ነበር። የፔሻዋር የእንግሊዝ ጦር ሰፈር ሆስፒታል መድኃኒት ቀማሚ ሐፊዝ ግራ ቀኙን ገልመጥ አደረገና አንድ የወረቀት ጥቅል በመስኮቱ አሾለከ። ጥቅሉ የኪኒን ነው። ክብደቱ ግን የኪኒን አልነበረም።

« ከሻምበል ራይዲንግ ደረት የወጣችው ናት፤ » አለ ሐፊዝ በሹክሹክታ። « ሐኪሙ ጣላት ብሎኝ ነበር። እሺ ብዬ ደበቅኋት። »

« ማን አየህ? »

« አላህ። » ሐፊዝ ሳቅ አለ። « ምን ሆነሃል አንተ ሰው? ፊትህ እኮ አመድ መስሏል! በል ሂድ፣ ያን ምስኪን አድንልኝ። »

ባልታዛር ጥቅሉን እጅጌው ውስጥ ሸጉጦ ወጣ። ሰው የሚያውቀው ከጎዋ የመጣ ክርስቲያን፣ የመኮንኖች ክበብ አሳላፊ መሆኑን ነው። ለጦሩ በድብቅ በሚሠራው የስለላ ሥራ ስሙ « ድርጭት » ይባላል። ስሙን ያወጣለት ሰው አላጋነነም፤ ቅጠል ኮሽ ባለ ቁጥር ልቡ ትበራለች። እስከዛሬ በሕይወት ያኖረውም ይኸው ፍርሃቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው የጦሩ ስንቅ የሚያልፍበትን መንገድ ለተራራ ሽፍቶች ይሸጥ ነበር። ሻምበል ራይዲንግ ሊደርስበት ጥቂት ሲቀረው እሑድ ዕለት ክፍሉ ውስጥ ተገደለ። አሽከሩ ዛሪን የጌታውን ሽጉጥ ጨብጦ ሬሳው አጠገብ ተገኘ። « ገዳዩ በመስኮት ሲዘል ተኮስኩበት፤ ሳትኩት » ብሎ ማለ፣ ተገዘተ። ማን ሰምቶት! ነገ ጠዋት ይሰቀላል።

ዛሬ ደግሞ የሟቹ ዕቃ በክበቡ ይሸጣል። የሞተ መኮንን ንብረት ለጓደኞቹ በጨረታ ይቀርባል፤ የተገኘው ለሚስቱ ይላካል። ዕቃውን የሚወለውለው ባልታዛር ነው። በሩን ዘጋና የሻምበሉን የሽጉጥ ሣጥን ከፈተ። ውስጡ አረንጓዴ የከፋይ ጨርቅ ነው፤ ሽጉጡ፣ የባሩዱ ቀንድ፣ የዘይቱ ብልቃጥ፣ እንደ ጉጠት የሚከፈተው የጥይት መቅረጫ፣ ሁሉም በየጎድጓዳው ተኝቷል። ተራ ወታደር መሣሪያውን ከመንግሥት ይቀበላል። መኮንን ግን ሽጉጡን ከወደደው ሠሪ በራሱ ገንዘብ ይገዛል፤ ስለዚህ የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም፤ እያንዳንዱ እርሳስ አቅልጦ በራሱ መቅረጫ ጥይቱን ያወጣል።

የጥይቷ ጫፍ ተጨፍልቋል፤ ታችዋ ግን ደህና ነው። መቅረጫው ውስጥ አስቀመጣት።

ሰፋባት። የአባቱን ጫማ እንዳጠለቀ ሕፃን እግር ዋለለች።

« ተመስገን! » አለ ባልታዛር። ዛሪን አልገደለም። ገዳዩ ትንሽ ሽጉጥ ያለው ሌላ ሰው ነው።

በቀጥታ ወደ አለቃው ሮጠ። የአለቃው የምስጢር ስም « ዳኛው » ነው፤ ቀን ቀን ሻለቃ ፔልሃም ይባላል። ባልታዛር በዚህ ሰፈር የሚያምነው ሰው እሱ ብቻ ነበር።

ሻለቃው ታሪኩን ቆሞ ሰማ። « ጎበዝ! ጥይቷን ማን ሰጠህ? »

« ሐፊዝ፣ ጌታዬ። ቀማሚው። »

ይህችን ቃል በኋላ መልሶ ሊውጣት ምን ባልሰጠ!

« አንድ ጊዜ ቆየኝ፤ » አለ ፔልሃም፤ ወደ በረንዳው ወጣ።

የሻለቃው ሽጉጥ ጠረጴዛው ላይ ከነሣጥኑ ተከፍቷል። ትንሽ፣ ያማረ ሽጉጥ ነው። ባልታዛር መቅረጫውን አነሳ፤ እንዴት እንደሚለካ ለአለቃው ሊያሳየው ነው እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረውም። ጥይቷን አስገባት።

ገጠመች።

አወጣት። እንደገና አስገባት።

ገጠመች።

ሥጋን ለጅብ አደራ! ከበረንዳው የፔልሃም ድምፅ ይሰማል፤ ለታጣቂው በዝግታ ነው የሚናገረው። « ሆስፒታሉ ጋ… ቀማሚውን… አሁኑኑ። »

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ባልታዛር ዕድሜውን ሁሉ ሲጠረጥር ኖሮ አንድ ሰው ብቻ አመነ፤ እሱም ይኸው። ከሻለቃው ሣጥን አንድ አዲስ ጥይት አንስቶ በኪኒኑ ወረቀት ጠቀለለ። እውነተኛዋን ከነመቅረጫው እጅጌው ውስጥ ከተተ። ክዳኑን ዘጋ።

ፔልሃም ገባ።

« ምነው አላበህ? »

« ሙቀቱ ነው፣ ጌታዬ። »

« ስጠኝ። »

ሰጠው። ሻለቃው ጥቅሉን በመዳፉ መዘነ። ጣቱ የወረቀቱን እጥፋት ያዘ።

ባልታዛር የእጅጌውን ጫፍ ጨብጦ ያዘ።

ለጨረታው የሚጠራው የክበቡ ደወል ተደወለ።

ፔልሃም ሳይፈታው ኪሱ ከተተው። « ሂድ፣ ዕቃው ይጠብቅሃል። አይዞህ፣ ልጁን እናወጣዋለን። »

መንታው መንገድ ላይ ሲደርስ የታጣቂው ፈረስ አቧራ ወደ ሆስፒታሉ ሲቦን አየ። ቢሮጥ ምናልባት በአጥሩ ቀዳዳ ቀድሞ ሐፊዝን ያስመልጠው ይሆናል። ግን የሻለቃው መቅረጫ ጨረታው ሳይጀመር የሻምበሉ ሣጥን ውስጥ መግባት አለበት፤ አለዚያ ዛሪን ነገ በገመድ ይንጠለጠላል። ለጦሩ አዛዥ ለኮሎኔሉ ልናገር ቢል የአሳላፊ ቃል በሻለቃ ላይ ማን ያምናል?

ወደ ክበቡ ሮጠ። እያለቀሰ ነው የሮጠው።

መኮንኖቹ በንግሥቲቱ ሥዕል ሥር ብርጭቋቸውን ይዘው ቆመዋል። ባልታዛር ጓዳ ውስጥ መቅረጫዎቹን ለዋውጦ ሣጥኑን በጠረጴዛው ላይ አኖረና ወደ ግድግዳው ሸሸ።

« ራይዲንግ በዚህ ሽጉጥ አንዲት ጅግራ እንኳ ገድሎ አያውቅም! » አለ አንድ መቶ አለቃ። ሌሎቹ ሳቁ።

ኮሎኔል ኦርምስቢ ክዳኑን ከፈቱ። መቅረጫውን አነሱ፤ እጀታውን አዩና ቅንድባቸውን ሰበሰቡ።

« ፔልሃም፣ ይህ ያንተ ስም አይደለም እንዴ የተቀረጸበት? »

ሳቁ ቆመ። ኮሎኔሉ መቅረጫውን ሲከፍቱ የተጨፈለቀች ጥይት ልክ በልኳ ተኝታለች። ሐኪሙ ቀረብ አለ። ብርጭቆው ከእጁ ወደቀ።

« ይህ የቢላዬ ጭረት ነው! እኔ ነኝ ከራይዲንግ ደረት ያወጣኋት! »

ኮሎኔሉ ጥይቷን በራይዲንግ ሽጉጥ አፈሙዝ ላይ አኖሯት። እየተንሸራተተች ገባች፤ ምንም አልያዛትም።

« አሽከሩ ይህን አልተኮሰም፤ » አሉ። « ፔልሃም፣ ሽጉጥህን አምጣ። »

ፔልሃም አልተንቀሳቀሰም። ዓይኑ ክፍሉን ዞሮ ግድግዳው ሥር ባለው ባልታዛር ላይ አረፈ።

« ድርጭት! » ብሎ ጮኸ። « ይህ አሳላፊ ሰላይ ነው! በየቤቱ ለሚሰርቀው ምስጢር ደመወዝ ይበላል! »

ቀጥሎ ወደ መስኮቱ ዘለለ፤ ልክ ዛሪን እንዳለው። ከውጭ ዘበኞቹ ተቀበሉት።

ባልታዛርን ማንም አላየውም፤ ሁሉም ወደ መስኮቱ ሮጠዋል። የወጥ ቤት አገልጋዮች ግን በበሩ ቀዳዳ ሁሉን ሰምተዋል። ሳይመሽ ገበያው ይሰማል፤ ከገበያውም ሽፍቶቹ።

ሆስፒታሉ ሲደርስ የመድኃኒት ክፍሉ በር ክፍት ነበር። ሐፊዝ ከተሰበሩት ብልቃጦች መሐል ተኝቷል። ባልታዛር ዓይኑን ከደነለት፤ እጁን ያዘ፤ ይቅርታ ሊለው ፈልጎ አፉ እምቢ አለው።

በማግስቱ ዛሪን ከእስር ቤት ወጣ። እናቱ አንገቱን አቅፋ እልል ትላለች። በሩ ላይ ኩታ የተከናነበ ሰው ቆሟል፤ ዛሪን ገፋ አድርጎት አለፈ።

« ዞር በል እስቲ፣ መንገድ ዘጋህ! »

« ይቅርታ ወንድሜ፤ » አለ ሰውየው፤ ዞር አለለት።

ከቀናት በኋላ የኢንደስ ወንዝ ጀልባ ከወዲህኛው ዳር ተነሣ። ጀልበኛው መቅዘፊያውን እያነሳ ጥግ ላይ የተኮራመተውን መንገደኛ ጠየቀው።

« ስምህ ማነው? »

ያዘጋጀው ሌላ ስም ነበር። አልመጣለትም።

« ሐፊዝ። »

« እሰይ! እንዲህ ያለ ስም ይዘህማ ዝም ማለት የለም። ቁርኣኑን በቃልህ ይዘኸዋል ማለት ነው። እስቲ አንዲት አንቀጽ ቅራልን፣ ወንዙን በደህና እንሻገር! »

ጀልባው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ልቡ እንደ ወትሮው በረረች።

« ጉሮሮዬን አሞኛል፤ » አለ።

ውሸት አልነበረም።