በየካቲት የተጻፈችው ንግሥቴ

በፍኖተ ሰላም ከተማ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ማዶ በምትገኝ ጠባብ የኪራይ ክፍል ውስጥ ያምሮት ገብረሰንበት የምትባል ሴት ትኖር ነበር። ክፍሏ መኖሪያዋም መሥሪያዋም ናት። ከመጋረጃው ወዲያ አልጋዋ፣ ከመጋረጃው ወዲህ አሮጌ ኮምፒውተሯ። ከጅጋም ከቡሬም ከየገጠሩም የሚመጣ ባለጉዳይ እሷ ዘንድ ማመልከቻውን ሳያስጽፍ ወደ ችሎት አይገባም። ድንበሩን የተገፋ ገበሬ፣ ባሏ የከዳት ሴት፣ ልጁ የካደው ሽማግሌ፣ ሁሉም አጠገቧ ቁጭ ብሎ በደሉን ይነግራታል፤ እሷም ትጽፋለች። የስንቱን እንባ በጣቶቿ አሳልፋ ለዳኛ አቀረበች! የራሷንስ? የራሷን እንባ ማን ይጻፍላት? ለየትኛው ዳኛስ ታቅርበው?...

ያምሮት የተወለደችው ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። አባቷ መሪጌታ ገብረሰንበት የቅኔ መምህርና የብራና ጸሐፊ ናቸው፤ እርሳቸው የጻፉት ዳዊት ያልደረሰበት ደብር በዚያ አካባቢ የለም። እናቷ ንግሥቴ ግን ፊደል አልቆጠረችም። ነገር ግን ወሬ ስትጀምር ጎረቤቱ ሁሉ ሥራ ፈትቶ የሚከባት፣ ያለፈውን ዘመን ፊት ለፊት አምጥታ የምታቆም ሴት ነበረች። ያምሮት ገና በዐሥራ አምስት ዓመቷ ለአንድ ባለጸጋ ልጅ ታጨች። አባቷ በሽማግሌ ፊት ቃል ሰጡ። ልጅቱ ደግሞ ትምህርቴን አልተውም ብላ፣ ድግሱ ሲደገስ፣ ጠላው ሲጠመቅ፣ ወደ ፍኖተ ሰላም ኮበለለች። ቃላቸው የታጠፈባቸው መሪጌታ ያን ዕለት ቆመው ገዘቱ፦ «ያምሮት የምትባል ልጅ የለችኝም! ስሟን በዚህ ቤት የጠራ ከእኔ ጋር እንጀራ አይቆርስም!»

ከዚያ በኋላ ያላየችው መከራ ምን አለ? ሰው ቤት ተቀጥራ እየሠራች የማታ ትምህርቷን ጨረሰች። አስናቀው የሚባል ሰው አግብታ ልጅ ወለደች፤ ልጇን ግን ገና ድክ ድክ ስትል ወባ ነጠቀቻት። አስናቀውም ለሰሊጥ ሥራ ብሎ ወደ ሑመራ እንደ ሄደ በዚያው ሌላ ጎጆ ቀለሰ። ይህ ሁሉ ሳያንስ፣ አንድ ቅዳሜ ገበያ መሀል የአገሯን ሴት አገኘች። ሴትዮዋ አቅፋ ሳመቻትና «ለእናትሽ ነፍስ ይማር፣ እግዜር ያጽናሽ» አለቻት። ያምሮት የያዘችው ዘንቢል ከእጇ ወደቀ። ንግሥቴ ከሞተች ከርማለች! አርባዋም ወጥቷል! መርዶ የነገራት፣ ነይ አልቅሺ ያላት አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። እናት ሞታ ሳያለቅሱ መኖር፣ በቁም ከመቀበር በምን ይለያል?...

ዓመታት አለፉ። ዘመኑ ሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው። በታኅሣሥ ወር የከተማዋ የንባብ ክበብ ሰብሳቢ ወንዳወቅ ማስታወቂያ ሊያስጽፍ መጣ። ያምሮት እያነበበች ስትጽፍ ጣቶቿ ዘገዩ። ማስታወቂያው እንዲህ ይል ነበር፦ የፈለገ ሁሉ ይመዝገብ፤ በየካቲት ወር አንድ ሙሉ የልቦለድ ረቂቅ ተጀምሮ ይለቅ፤ በወሩ ውስጥ የተጻፈ አይሰረዝም፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ማረምም የለም፤ እርማት ለመጋቢት ይቆይ፤ የጨረሰ በአዳራሽ ወጥቶ ለሕዝብ ያነባል።

«ማመልከቻ ጸሐፊም መመዝገብ ይችላል?» አለች ዐይኗን ሳታነሣ።

ወንዳወቅ ሣቀ። «ከአንቺ በላይ የጻፈ በዚህ ከተማ ማን አለና?»

ጥርን በሙሉ፣ ሰው ለሰርግ እንደሚደግስ፣ ያምሮት ለየካቲት ደገሰች። ምጣድ ፊት ቆማ ወር እንዳያልፍባት በሶዋን አስፈጨች፤ ሽሮዋን፣ ድርቆሿን አዘጋጀች። ለደንበኞቿ «በየካቲት ከቀትር በኋላ አልጽፍም፣ በጧት ኑ» ብላ አስጠነቀቀች። የልቦለዱ ዋና ሰው ማን እንደሆነች ለመምረጥ አልተቸገረችም፤ እናቷ ናት። ባለታሪኮቿን አንድ በአንድ እያሰበች ጠባያቸውን፣ አነጋገራቸውን፣ አካሄዳቸውን በወረቀት ቁራጭ እየጻፈች ግድግዳዋ ላይ ለጠፈች። የእናቷን ድምፅ ትክክለኛ ዜማ ላለማጣት ጅጋ ገበያ እየወረደች፣ በርበሬና ጌሾ ከሚሸጡ ሴቶች አጠገብ ቁጭ ብላ ጨዋታቸውን ታዳምጥ ነበር። ምዕራፎቹ ሁሉ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። አንዱ ብቻ፣ የመጨረሻው ብቻ ባዶ ቀረ። ንግሥቴ እንዴት ሞተች? ምን አለች? የሚነግራት ሰው አልነበረም።

ወሩ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ያምሮት እንደገና ወደ ጅጋ ወረደች። ስትመለስ የተሳፈረችበት ባጃጅ ከመንገድ ወጥቶ ተገለበጠ። ነፍሷ ተረፈች፤ ቀኝ ክንዷ ግን ሁለት ቦታ ተሰበረ። ከትከሻዋ እስከ ጣቶቿ ጀሶ አለበሷት። ሐኪሙ «ነርቩም ተነክቷል፤ ጣቶችሽ መቼ እንደሚታዘዙልሽ አሁን መናገር አይቻልም» አላት። ወይ ዕድል! ባሏን ስትወስጂ፣ ልጇን ስትወስጂ፣ እናቷን ስትወስጂ ዝም ብላ የተቀበለችሽ ሴት፣ ይህችን አንዲት እጅ ብታስቀሪላት ምን ነበረበት?

ጎረቤቷ እህተ ማርያም ገንፎ ይዛ ስትገባ፣ ያምሮት በግራ እጇ ግድግዳው ላይ የለጠፈቻቸውን ወረቀቶች ስትገነጥል አገኘቻት።

«ምን እያደረግሽ ነው አንች ልጅ?»

«እናቴን በመጽሐፍ ላለቅሳት ነበር፤ ለቅሶው አበቃ እታለም» አለች ያምሮት። «ሁለተኛ ጊዜ ቀበርኳት።»

እህተ ማርያም ወረቀቶቹን ከወለሉ ለቃቅማ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች። በማግሥቱ ቡሬ ገበያ አለኝ ብላ ወጣች። የሄደችው ግን ገበያ አልነበረም። መሪጌታ ገብረሰንበትን በደብራቸው ከቅዳሴ ሲወጡ ጠብቃ፣ እጅ ነሥታ እንዲህ አለቻቸው፦ «መሪጌታ፣ የእጅዎን ሙያ የወረሰች ልጅ እጇ ተሰብሮ ተቀምጣለች። የእርስዎ እጅ ግን ደህና ነው። እግዜር በመጨረሻው ቀን የሚጠይቀው የተሰበረውን ነው ወይስ ደህነኛውን?»

የካቲት ሊብት አንድ ቀን ሲቀረው፣ በጧት የያምሮት በር ተንኳኳ። ስትከፍት ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ወገባቸው የጎበጠ ሽማግሌ ቆመዋል። አላወቀቻቸውም። ከዚያ ጣቶቻቸውን አየች፤ ቀለም የጠጡትን ጣቶች። አባቷ ናቸው።

«ጸሐፊ ትፈልጊያለሽ አሉ» አሉ መሪጌታ፣ መሬት መሬት እያዩ። «እኔ አሁን ዐይኔ ደከም ብሏል። እጄ ግን አልደከመም።»

ያምሮት ብዙ ልትል ትችል ነበር። ዕድሜ ልኳን ለዚህ ቀን ያጠራቀመችው ወቀሳ ነበራት። ግን ከአፏ የወጣው «ይግቡ አባባ፣ ጧቱ ይበርዳል» የሚል ብቻ ሆነ።

የካቲት ገባ። እሷ ትናገራለች፣ እርሳቸው ይጽፋሉ። መጀመሪያ ላይ ሥራው አልገፋም። መሪጌታ እስክሪብቶውን እንደ ባዕድ ነገር እያገላበጡ «ይህ መቃ ብዕር አይደለም፣ ሸርተት ሸርተት ይላል» እያሉ ያማርራሉ፤ እያንዳንዱን ፊደል እንደ ዳዊት ይኩሉታል። አንድ ፊደል ሲሳሳቱ ደግሞ ወረቀቱን ቀደው ከመጀመሪያው ሊጀምሩ ይነሣሉ።

«አባባ፣ በዚህ ወር አይሰረዝም!»

«ስሕተት እያየሁ?»

«ስሕተት እያዩ። እርማቱ ለመጋቢት ነው።»

«ይህን ሕግ ያወጣ ሰው ብራና ፍቆ አያውቅም» ብለው እያጉረመረሙ ይቀጥላሉ። ቀስ በቀስ እጃቸው ፈጠነ። ንግሥቴ በወጣትነቷ ወንዝ ስትሻገር፣ ንግሥቴ በሰርጓ ስታለቅስ፣ ንግሥቴ በክፉ ዓመት እህሏን ለጎረቤት ስታካፍል፣ ገጹ ገጽ ወለደ። አንዳንዴ አባቷ ሳያስቡት ሲስቁ ትሰማቸዋለች። አንዳንዴም «እንዲህ አላለችም፣ እንዲህ ነው ያለችው» ብለው ያርሟታል። ሁለቱ ስለ ራሳቸው አንዲት ቃል ሳይነጋገሩ፣ ስለ ሟቿ ግን ሲያወሩ ዋሉ።

ወሩ ወደ ማለቁ ሲቃረብ ያ የፈሩት ቦታ ደረሰ። ያምሮት ወደ ግድግዳው ዞራ፣ በኮበለለች ሰሞን በወሬ የሰማችውን መናገር ጀመረች፦ «ልጅቱ ከኮበለለች በኋላ አባትየው፣ የሄደችበትን መንገድ ላለማየት፣ በመንገዱ በኩል ያለውን በር በጭቃ መርጎ ዘጋው። በጓሮ በኩል ሌላ በር አወጣ።»

እስክሪብቶው ቆመ።

«ይህ ሰው ጨካኝ ነው» አሉ መሪጌታ።

«አዎ።»

«ያነበበው ሁሉ ይጠላዋል።»

«እስከ መጨረሻው ካነበቡት አይጠሉትም ብዬ ነበር» አለች ያምሮት። «ግን መጨረሻውን አላውቀውም አባባ። እናቴ እንዴት እንደሞተች የነገረኝ የለም።»

ሽማግሌው እስክሪብቶውን አስቀመጡ። ከዚያ በደከመ ድምፅ ተናገሩ፦ «በክረምት ታመመች። ‹በመንገዱ በኩል ያለውን በር ክፈቱልኝ፣ መንገዱን ልይ› አለችኝ። አልከፈትሁም። ቃሌን ፈራሁ፤ የሰው ወሬ ፈራሁ። ነፍሷ ልትወጣ ስትል እጄን ያዘችና ‹ልጄ ከመጣች ርቧት ነው የምትመጣው፤ መጀመሪያ አብሏት፣ ወቀሳው ኋላ ይደርሳል› አለችኝ። ከቀብሯ ስመለስ ጭቃውን በእጄ አፈረስሁት። ምን ዋጋ አለው? መንገዱን የምታየው ሄዳለች...»

ያምሮት ከግድግዳው ወደ አባቷ ዞረች። እናቷ አልረሳቻትም! እናቷ እስከ መጨረሻዋ ትንፋሽ ለእሷ ምሳ ታስቀምጥ ነበር! ስንት ዓመት በውስጧ የታቆረው ለቅሶ ያን ጊዜ ወጣ። መሪጌታም አለቀሱ። የሞተችው ንግሥቴ በዚያች ጠባብ ክፍል፣ በባሏና በልጇ፣ በወጉ ተለቀሰላት።

ሲረጋጉ አባትየው እስክሪብቶውን አነሡ። «ይህን አንች አትንገሪኝ። እኔ ልጻፈው» አሉ። ከአንገታቸው አቀርቅረው ጻፉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቀጥ ብሎ የኖረው ፊደላቸው ተጣመመ፤ እንባቸው ወርዶ አንዱን መሥመር አበላሸው። ቀና ብለው አዩዋት።

«ፊደሉ ፈሰሰ። ልሰርዘው?»

«በዚህ ወር አይሰረዝም አባባ።»

«እንግዲያው ይቅር» አሉ፤ ከዚያም ፈገግ አሉ። ያምሮት ያን ፈገግታ ከልጅነቷ ወዲህ አላየችውም ነበር።

ረቂቁ የካቲት ሳያልቅ አለቀ። የንባቡ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ከተመዘገቡት መምህራንና ሠራተኞች አብዛኞቹ መንገድ ላይ ቀርተዋል፤ የጨረሱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ወንዳወቅ ስሟን ሲጠራ ያምሮት ክንዷን አንጠልጥላ ወጣች፤ የመጨረሻውን ምዕራፍ አነበበች። የበሩ ቦታ ላይ ስትደርስ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። ‹መጀመሪያ አብሏት› የሚለው ላይ ስትደርስ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ዐይናቸው ወሰዱ። ጨርሳ ቀና ስትል ጭብጨባው ከመጀመሩ በፊት ከፊት ወንበር አንድ ሽማግሌ ተነሡ።

«ጉባኤው ይቅር ይበለኝ» አሉ መሪጌታ ገብረሰንበት፣ ማኅሌት በለመደ ድምፃቸው። «ያ በሩን የዘጋው ጨካኝ አባት እኔ ነኝ። ልጅ የለችኝም ብዬ በአገር ፊት ምዬ ነበር። ዛሬ ደግሞ በአገር ፊት እናገራለሁ፤ ይህች ጸሐፊ ልጄ ናት! ከእኔ የበለጠች ልጄ ናት!»

አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። እህተ ማርያም ወንበር ላይ ወጥታ እልል አለች። ያምሮት ከመድረኩ ወርዳ ከአባቷ እግር ልትወድቅ ስትል፣ እርሳቸው ቀድመው ትከሻዋን ይዘው አስቆሟት። ግንባሯንም ሳሙት።

በተከታዩ እሑድ አባትና ልጅ አብረው ወደ አገራቸው ሄዱ። ያምሮት የእናቷን መቃብር በጉንጯ ዳሰሰች። ከቅዳሴ በኋላ የደብሩ ሰው ከዋርካው ሥር ተቀመጠና አንብቢልን አላት። የንግሥቴ የዕድሜ ጓደኛ የሆኑ አንዲት አሮጊት እስከ መጨረሻው ዐይናቸውን ጨፍነው ሰሙና «ራሷ ናት፤ ራሷ መጥታ ያጫወተችን መሰለኝ» አሉ።

የሞተ አይነሣም፤ ያለፈ ዘመን አይመለስም። ለያምሮት ሕፃኗን ማን ይመልስላታል? መሪጌታስ ያን የክረምት ዕለት ከየት ያመጡታል? ዕድል የወሰደችውን አስቦ የሚመልስ እጅ የላትም። ሆኖም ለአንዳንዱ ሰው፣ ከስንት የመከራ ዓመት በኋላ፣ አንዲት ወር ትለቅለታለች። ያምሮት ያቺን ወር በተሰበረ እጅ ተቀበለቻት፤ በሙሉ ልብም ጨረሰቻት። ከዋርካው ሥር የተቀመጠው ሕዝብ ግን ገና አልጠገበም ነበርና «ድገሚልን!» አላት፤ ያምሮትም ገጹን ወደ መጀመሪያው ገልጣ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ እንደ ገና ጀመረች።